የታካሚ ስም

ሐምሌ ነው። አምስት ኪሎ። ግቢው ጭር ብሏል፤
ተማሪው አገር ቤት፣ ክረምቱ እኛ ጋ ገብቷል።
በምድር ቤቱ ክፍል፣ ከባልዲው አጠገብ፣
ክንዳችን ቆሟል፣ ሽቦው በሽቦ ላይ ድርብርብ፤
ሞተሩን ከመርካቶ፣ ካረጀ ማተሚያ ነቅለን፣
«ሥራህ አንጎል ላይ ነው፤ አደራ!» ብለን።

አንጎል ግን ከየት? ማን ይሰጣል ራሱን
ገና ላልጨረሱ አራተኛ ዓመቱን?

ወረድኩ አራት ኪሎ፣ እትዬ ሸዋረገድ ዘንድ፣
ፓፓያ ፍለጋ፣ ራስ የሚያህል አንድ።
በአውራ ጣቷ ጫን አደረገች፣ ዓይኗን መንገድ ላይ ትታ፦
«ይቺ የነገ ናት፤ ይቺ የዛሬ ማታ።»
«ለመብል አይደለም፤ ሳልቆርጣት፣ ሳልልጣት፣
አንዷን ፍሬ ብቻ በመርፌ ልነካት።»
ሳቀች። «እኔስ መቼ ቀድጄ ሸጥኩ፣ ልጄ?
የውስጧን የማውቀው ሁሌም ነው በእጄ።»

ሌሊት፣ ታካሚ ሲያልቅ፣ ሰንጋ ተራ ወርደን፣
ነጋልኝ ሲቲውን ከፈተልን፣ ስንት ለምነን።
አስተኛት። ትራሷን አስተካከለ።
«ስም?» አለ።
ተያየን። «ያለ ስም አይሠራም፤ እምቢ ይላል ማሽኑ።»
ኬብሮን ሳቁን ያዘ፤ እንባ ሞላ ዓይኑ።
ስም፦ ፓፓያ። ዕድሜ፦ አራት ቀን። ጾታ፦ ... ጣቱ ቆመ።
«ሴት በላት» አልኩት። ማሽኑ ተቀበለ፤ አጉረመረመ።

ከዚያ በስክሪኑ መጣች፣ ስስ ስስ ሆና፣ ቢላ ሳይነካት፤
ፍሬዎቿ ተጠጋግተው፣ ዝናብ እንዳቆማቸው ሰዎች በረንዳ፤
አንዷን በቀይ ከበብናት፣ ያቺን ጥቁር እንግዳ።

ክንዱ ወረደ። መጀመሪያ ስምንት ሚሊሜትር ስቶ፤
ሁለተኛው ላይ መብራት ሄደ፣ መርፌው አየር ላይ ቀርቶ፤
ሦስተኛው ሁለት። ሁለት ብቻ! ኬብሮን ዘለለ፣
ባልዲው ተገለበጠ፣ የሐምሌ ውኃ በወለሉ ተንከባለለ።

ዶክተር ሐዊ ግን፣ ጥቁር አንበሳ፣ ግራፋችንን አይታ
አልሳቀች፣ አላሞገሰች፤ እስክሪብቶዋን አውጥታ
በጓንት ካርቶን ላይ ነጥብ አኖረች፦
«ይኸውላችሁ፣ ንግግር።
ከዚህ ሁለት ሚሊ ፈቀቅ ብትሉ፣ ሰውየው
‹ውኃ ስጡኝ› ለማለት ቃሉ ይጠፋዋል።
ይጠማል፤ አይናገር።»

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ሰው፣ ዝናብ ያራሰው፤
ፊልሙን በኮቱ ሸፍኖ፣ ራሱን ግን ያላለበሰው።
ከደብረ ሲና በሌሊት የተነሳ፣ ጋሽ ደምለው ይባላል።
«ሐኪም ነሽ?» «አይደለሁም።» «ቢሆንም ማንበቡን ታውቂያለሽ» ይላል።
ፊልሙን ከመስኮቱ ብርሃን አስደግፎ
(ከታች ቸርችል ጎዳና፣ ጃንጥላ ከጃንጥላ ተቃቅፎ)
«የቱ ጋ ነኝ እኔ?» አለኝ።

የቱ ጋ ነው፣ አላለም።
ጣቴን አነሳሁ።
ጣቴ ራሷ አሥራ አምስት ሚሊ ናት፤
ፊልሙ ላይ ባሳርፋት ስንቱን ትሸፍናለች፦
ንግግሩን፣ ግራ እጁን፣
ምናልባት ደብረ ሲናን በሙሉ።
መልሼ ኪሴ ከተትኳት።
«ዶክተሯ ትመጣለች» ከማለት ሌላ
ቃል ጠፋኝ።

ማታ ሌላ ፓፓያ ልገዛ ሄድኩ።
እትዬ ሸዋረገድ ላስቲኳን እየወጠረች፦ «አገኘሻት?»
«ለጥቂት ሳትኳት።»
«ለጥቂት» አለች እሷም፣
ቃሉን በአውራ ጣት እንደሚጫኑት ፍሬ ያዝ አድርጋ፤
ከዚያ ከኋላ፣ ከጆንያው ሥር፣
ያላሳየችኝን አንዷን አወጣች።

ሰንጋ ተራ፣ ሌሊት። ዝናቡ አላባራም።
ነጋልኝ ትራሱን አስተካከለ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖረ፣
«ስም?» አለ።
ኬብሮን ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም።